አርብሮዝ፦ በሰሜን ባሕር ዳር የአንድ ትንሽ ክለብና የሦስት ጎረቤቶቹ የጉዞ ማስታወሻ

የስኮትላንድ እግር ኳስ ሲነሳ የሴልቲክና የሬንጀርስ ስም ይቀድማል። ከግላስጎው ወጥቶ ወደ ሰሜን ምሥራቁ ጠረፍ የሚያቀና ሰው ግን ሌላ ዓይነት እግር ኳስ ያገኛል። አንገስ በምትባለው አውራጃ አርብሮዝ፣ ሞንትሮዝ፣ ፎርፋርና ብሪኪን የሚባሉ አራት ትንንሽ ከተሞች አሉ፤ አራቱም የየራሳቸው ክለብ አላቸው። የ2025–26 የውድድር ዘመን ሲጀመር አርብሮዝ በሁለተኛው እርከን፣ ሞንትሮዝ በሦስተኛው፣ ፎርፋር በአራተኛው፣ ብሪኪን ደግሞ ከዋናው ሊግ ውጭ በአምስተኛው ላይ ነበሩ። ጎረቤት ከሆኑት ከተሞች በየትኛውም ሁለቱ መካከል ያለው ርቀት ከ25 ኪሎ ሜትር አይበልጥም። የአንድን አገር የሊግ መሰላል ከላይ ጀምሮ እስከ ታች ለማየት ከዚህ የተመቸ ቦታ ማግኘት ከባድ ነው። የጉዞው ማዕከል አርብሮዝ ነው፤ ማረፊያም እዚያው ቢያዝ ይመረጣል።

እዚህ የተጻፉት ቀናት፣ ወራትና ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ሰዓቱ በእኛ አቆጣጠር ነው፤ የባቡርና የጨዋታ መርሐ ግብር ስታነቡ ስድስት ሰዓት ማስላቱን አትርሱ። የቅዳሜ ጨዋታ የሚጀምርበት 15:00 ማለት ከቀኑ 9 ሰዓት ነው።

አንደኛ ቀን፣ ሐሙስ፦ ከኤድንብራ ወደ አርብሮዝ

መጀመሪያ የመግቢያ ፈቃድ። ከአውሮፓ የምትመጡ ከሆነ የሸንገን ቪዛ ለብሪታንያ አይሠራም። በኢትዮጵያ ፓስፖርት የሚጓዝ የብሪታንያን ቪዛ ለብቻው ማውጣት አለበት። የአሜሪካ፣ የእስራኤል ወይም (ከአየርላንድ በቀር) የአውሮፓ ኅብረት ፓስፖርት የያዘ ቪዛ ባይጠየቅም፣ ከ2025 ጀምሮ የኤሌክትሮኒክ የጉዞ ፈቃድ አስቀድሞ መሙላት ይጠበቅበታል። ያለዚያ አውሮፕላኑ ላይ አይሳፈርም።

ባቡሩ ከኤድንብራ ዌቨርሊ ጣቢያ ወደ አበርዲን የሚሄደው ነው። አርብሮዝ ለመድረስ አንድ ሰዓት ተኩል ወይም ትንሽ አለፍ ያለ ጊዜ ይፈጃል። ሁሉም ባቡር እዚያ ስለማይቆም የጣቢያዎቹን ዝርዝር እዩ፤ የማይቆመው ከደረሳችሁ ዳንዲ ላይ ወርዶ መቀየር ነው፤ ከዚያ ወዲያ ሃያ ደቂቃ ያህል ብቻ ይቀራል። መቀመጫ በስተቀኝ ያዙ። ባቡሩ በ1890 የተከፈተውንና ሁለት ኪሎ ሜትር ተኩል የሚጠጋውን የፎርዝ ድልድይ ሲሻገር ባሕሩ በዚያ በኩል ነው። የቴይን ወንዝ ሲሻገርም ከውኃው ብቅ ብለው የቆሙ የድንጋይ ጉቶዎች በስተቀኝ ይታያሉ። የመጀመሪያው የቴይ ድልድይ መሠረቶች ናቸው፤ ያ ድልድይ በታኅሣሥ 28 ቀን 1879 ምሽት በማዕበል ነፋስ ተሰብሮ፣ በላዩ ሲያልፍ የነበረውን ባቡር ከነተሳፋሪዎቹ ይዞ ወደቀ። ቅዳሜ ሜዳው ላይ የሚያገኛችሁ ነፋስም የዚሁ ጠረፍ ነፋስ ነውና በቀላሉ አትዩት።

ዳንዲ ላይ ጊዜ ካላችሁ ሁለት ሰዓት ስጡት። የዳንዲና የዳንዲ ዩናይትድ ስታዲየሞች በአንድ መንገድ ላይ፣ በሁለት መቶ ሜትር ርቀት ብቻ ተለያይተው ቆመዋል። ከዚያ በኋላ ሐዲዱ የባሕሩን ዳር ይዞ በብሮቲ ፌሪና በካርኑስቲ በኩል ወደ አርብሮዝ ይወስዳል።

ሁለተኛ ቀን፣ ዓርብ፦ ወደቡ፣ ዓሣውና ገዳሙ

ክለቡን ለማወቅ ከወደቡ መጀመር ይሻላል። የክለቡ ተጫዋቾችና ደጋፊዎች የሚጠሩበት «ሬድ ሊክቲስ» የሚለው ስም የመጣው መርከቦችን ወደዚህ ወደብ ይመራ ከነበረው ቀይ መብራት ነው። ማልያቸውም ወይን ጠጅ መልክ ነው። ከወደቡ 18 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በባሕሩ መሐል የቤል ሮክ የመብራት ማማ አለ። የቆመበት ቋጥኝ ባሕሩ ሲሞላ ሙሉ በሙሉ ይሰምጣል፤ ስለዚህ ሠራተኞቹ ውኃው ሲሸሽ በሚያገኟቸው ጥቂት ሰዓታት ብቻ እየሠሩ ከ1807 እስከ 1810 ገነቡት። በ1811 የካቲት ወር በራ፤ ዛሬም ይበራል። ወደቡ አጠገብ ያለው የ1813 የምልክት ግንብ ከማማው ጠባቂዎች ጋር መልእክት የሚለዋወጡበት ነበር፤ አሁን ሙዚየም ነው።

ከወደቡ ጀርባ ባሉት ጠባብ መንገዶች ጭስ ይሸታል። «አርብሮዝ ስሞኪ» የሚባለው ዓሣ የሚዘጋጀው እዚያ ነው። ስሙ ከ2004 ጀምሮ በአውሮፓ ሕግ የተጠበቀ ነው፤ ከከተማዋ በስምንት ኪሎ ሜትር ዙሪያ ካልተሠራ በዚህ ስም አይሸጥም። ዓሣው ሃዶክ መሆን አለበት። ራሱ ተቆርጦ፣ ሆዱ ጸድቶ፣ በደረቅ ጨው ይታሻል። ጨው ጣዕም ከመስጠት ሌላ ውኃውን ያወጣል፤ ውኃው ያልወጣለት ዓሣ ሲሞቅ ተልፈስፍሶ ከዘንጉ ይወድቃል። ከዚያ በመጠን የሚመጣጠኑ ሁለት ሁለት ዓሦች ጅራታቸው በሲባጎ ታስሮ በእንጨት ዘንግ ላይ ግራና ቀኝ ይንጠለጠላሉ። አንዱ ከሌላው ከገዘፈ ትንሹ ሲደርቅ ትልቁ ጥሬ ይቀራል፤ ጥንዱ የሚመረጠው ለዚህ ነው።

መሬት ውስጥ በተቀበረ በርሜል እንደ ኦክና ቢች ያለ ጠንካራ እንጨት ይነድዳል። ዘንጎቹ በበርሜሉ አፍ ላይ ይደረደሩና በረጠበ ጆንያ ይሸፈናሉ። ዋናው ጥበብ ሽፋኑ ላይ ነው። ጆንያው ከደረቀ ወይም ከሳሳ አየር ይገባል፣ እሳቱ ነበልባል ያወጣል፣ ዓሣው ውጭው ይጠቁራል። በጣም ከወፈረ ደግሞ እሳቱ ይታፈንና ዓሣው ሳይበስል በጭስ ብቻ ይመርራል። ስለዚህ ሠሪው የዕለቱን ነፋስና እርጥበት አይቶ ጆንያ ይጨምራል፣ ይቀንሳል። ከአርባ ደቂቃ እስከ አንድ ሰዓት ባለው ጊዜ ቆዳው የመዳብ መልክ ይይዛል፣ ሥጋው ከአጥንቱ ይላቀቃል። ከበርሜሉ እንደወጣ በእጅ እየገመጡ መብላት ነው፤ ሌላ ማባያ አይፈልግም።

ከሰዓት በኋላ ገዳሙን እዩ። ንጉሥ ዊልያም በ1178 ያሠራው ሲሆን መቃብሩም እዚያው ነው። በሚያዝያ 6 ቀን 1320 ስኮትላንዳውያን ለሮማው ጳጳስ ለዮሐንስ 22ኛ ነጻነታቸውን ያሳወቁበት ደብዳቤ የተላከው ከዚህ ነው። ትልቁ ክብ መስኮት ከከተማው ብዙ ቦታ ይታያል። ከተማዋ ትንሽ ብትሆንም ራሷን ትንሽ አድርጋ አታይም፤ ይህን መስኮት ያየ ሰው ክለቡ ከትልልቆቹ ጋር ሲጋጠም ለምን አንገቱን እንደማይደፋ በከፊል ይገባዋል።

ሦስተኛ ቀን፣ ቅዳሜ፦ ጌይፊልድ

ጠዋት ስትነሱ መጀመሪያ የክለቡን ገጽ ተመልከቱ። ከላይኛው ሊግ በታች ያሉ ክለቦች በአብዛኛው ከሣሩ ሥር ማሞቂያ ስለሌላቸው በክረምት ጨዋታ መሰረዝ የተለመደ ነው። ሜዳው ከቀዘቀዘ ወይም ውኃ ከያዘ ዳኛ ጠዋት መጥቶ ይመረምራል፤ ውሳኔው አንዳንዴ ጨዋታው ሊጀመር ሁለትና ሦስት ሰዓት ሲቀረው ነው የሚሰማው። ከሩቅ የሚመጣ ደጋፊ በከንቱ የሚለፋው በዚህ ምክንያት ነው። ባሕር ዳር ውርጭ ከመሐል አገር ይልቅ ቀለል ስለሚል፣ ፎርፋርና ብሪኪን በበረዶ ሲዘጉ ጌይፊልድ ክፍት የሚሆንበት ቀን አለ። እዚህ አስቸጋሪዎቹ ነፋስና ዝናብ ናቸው።

አለባበስ ላይ አትሳሳቱ። አንድ ወፍራም ካፖርት ከመልበስ ይልቅ ሦስት አራት ሳሳ ያሉ ልብሶችን ደራርቦ ከላይ ነፋስና ውኃ የማያስገባ ጃኬት መጣል ይሻላል። ኮፍያ፣ ጓንትና ወፍራም ካልሲ በግንቦት እንኳ ያስፈልጋሉ። ጃንጥላ አትያዙ፤ ነፋሱ ይገለብጠዋል፣ ከኋላ የቆመውንም ሰው ይጋርዳል። መጠጥ ይዞ መግባት በሕግ የተከለከለ ነው፤ የሰከረም አይገባም። በ1980 የዋንጫ ፍጻሜ ላይ ከተነሳው ረብሻ በኋላ በወጣው ሕግ ምክንያት በስኮትላንድ ስታዲየሞች ለተራ ተመልካች አልኮል አይሸጥም።

ከባቡር ጣቢያው ወደ ሜዳው ሩብ ሰዓት ያህል የእግር መንገድ ነው። ጌይፊልድ 6,600 ያህል ሰው ይይዛል። በአውሮፓ ለባሕር እጅግ ቅርብ የሆነ የሊግ ሜዳ ነው ይባላል፤ ሞገዱ ሲከፋ ውኃው በአጥሩ ላይ ይረጫል። መቀመጫ ያለው አንድ ጥላ ፎቅ ብቻ ነው፤ በቀሩት ሦስት ጎኖች ተመልካች ቆሞ ያያል። ሁለቱ ደጋፊዎች በአጥር በማይለዩበት ቀን ብዙ ሰው በእረፍት ሰዓት ቦታ ይቀይራል፤ ክለቡ ወደሚያጠቃበት ጎል ጀርባ ይሄዳል። ይህን ልማድ ተከተሉ። ከጎሉ ጀርባ ስትቆሙ የተከላካዩን ጥሪ፣ የበረኛውን ቁጣ፣ የኳሱን ድምፅ ሳይቀር ትሰማላችሁ፤ ሰባ ሺህ ሰው በሚይዝ ስታዲየም ይህ አይገኝም።

አሁን ወደ ነፋሱ። በዕጣው ያሸነፈው አምበል የሚያጠቃበትን ጎል መምረጥ ይችላል፤ እዚህ ያ ምርጫ ትልቅ ነገር ነው። ነፋስን ከኋላ ይዞ መጫወት ሁልጊዜ ጥቅም ይመስላል፤ ነገር ግን እንግዳ ቡድኖች በብዛት የሚሳሳቱት እዚያ ላይ ነው። ረጅም ኳስ ሲልኩ ኳሱ አጥቂያቸውን ጥሎ ይሮጥና መስመሩን ያልፋል፣ ለባለሜዳው የመልስ ምት ይሆናል። ነፋስን ከኋላ የያዘ ቡድን የሚጠቅመው ከርቀት መምታትና የማዕዘን ምት ነው፤ ወደ ጎሉ የሚታጠፍ የማዕዘን ምት በነፋስ ታግዞ ማንም ሳይነካው ሊገባ ይችላል፣ ጎሉም ይጸድቃል። ነፋስን ፊት ለፊት የሚቀበል ቡድን ደግሞ ኳሱን መሬት ለመሬት ማስኬድ አለበት። በረኛው ከፍ አድርጎ ከመታ ኳሱ መሐል ሜዳ ሳይደርስ ወደ ኋላ ይመለሳል። ከ2019 ወዲህ የመልስ ምት በራሱ የቅጣት ክልል ውስጥ ለተከላካይ መቀበል ስለተፈቀደ ይህ ቀሏል። ለመልስ ምት የተቀመጠ ኳስ በነፋስ ከተንከባለለ መጀመር ስለማይቻል፣ በረኞች ሣሩን በጫማቸው ጎድጎድ አድርገው ሲያስቀምጡት ታያላችሁ።

ሜዳው የተፈጥሮ ሣር ነው። ከባሕሩ የሚረጨው ጨው ሣሩን ያደርቃል፤ መፍትሔው በጨው አልባ ውኃ ደጋግሞ ማጠብና ውኃው ወደ ታች እንዲሰርግ አፈሩን መበሳት ነው። ስለዚህ በማርች ወር ሜዳው ተጎሳቁሎ ስታዩት በእንክብካቤ ጉድለት አትፍረዱ።

ፓይ ለመግዛት እረፍት ሊደርስ አምስት ደቂቃ ሲቀረው ተነሱ፤ ዳኛው ካፏጨ በኋላ የሚሄድ ሰው ሁለተኛውን ግማሽ በሰልፍ ላይ ይጀምረዋል። በስታዲየም የሚሸጠው ክብ ፓይ የበግ ወይም የከብት ሥጋ ያለው ነው፤ ሐላል ነው ብላችሁ አትገምቱ። ማካሮኒ ያለበት ፓይ ሥጋ የለውም፤ ግን አይብ ስላለው ለጿሚ አይሆንም። ቦቭሪል የሚባለው ትኩስ ጨዋማ መጠጥም ከበሬ ሥጋ የሚወጣ ነው። በዓቢይ ጾም የሚመጣ ሻይውን ያለ ወተት ይዘዝና ዳቦ ከከተማ ይዞ ይምጣ። በእረፍት ሰዓት የሚሸጠውን የዕጣ ትኬት ግዙ። ከሚሰበሰበው ገንዘብ ግማሹ ለባለ ዕጣው፣ ግማሹ ለክለቡ ነው፤ እንዲህ ያለ ክለብ የሚኖረው በእንዲህ ያለ ገንዘብ ነው። የሊግ ጨዋታ መግቢያ ገቢ የባለሜዳው ብቻ ሲሆን የስኮትላንድ ዋንጫ ገቢ ግን ለሁለት ይከፈላል። ትንሽ ክለብ በዋንጫው ከሬንጀርስ ወይም ከሴልቲክ ጋር ሲደርሰው ከተማው ሁሉ የሚደሰተው ለዚህ ጭምር ነው።

በ1878 የተመሠረተው ይህ ክለብ በዓለም የሚታወቀው በአንድ ቀን ነው። በመስከረም 12 ቀን 1885 በስኮትላንድ ዋንጫ ቦን አኮርድ የተባለውን የአበርዲን ቡድን 36 ለ0 አሸነፈ። ጆን ፔትሪ ብቻውን 13 ጎል አገባ፤ ገና ወጣት ነበር። ያን ጊዜ የጎል መረብ አልተፈለሰፈም ነበርና እያንዳንዱ ጎል ከገባ በኋላ ኳሱን ከሩቅ ማምጣት ግድ ነበር፤ ጊዜው በዚያ ባይባክን ቁጥሩ ከዚህም ያልፍ ነበር። የሚገርመው በዚያው ቀን በዳንዲ ከተማ ዳንዲ ሃርፕ አበርዲን ሮቨርስን 35 ለ0 ማሸነፉ ነው። በ2002 በማዳጋስካር 149 ለ0 የተጠናቀቀ ጨዋታ ቢኖርም፣ እዚያ ተሸናፊው ቡድን ዳኛን ለመቃወም ሆን ብሎ በራሱ ላይ ያገባቸው ጎሎች ናቸው። የአርብሮዝ 36 ግን ተጋጣሚው ጎል ላይ አንድ በአንድ የተቆጠረ ነው።

ለእኛ ግን ከ1885ቱ ይልቅ የ2021–22 ዘመን ይበልጣል። አሠልጣኙ ዲክ ካምቤል በ2016 መጥተው ክለቡን ከአራተኛው እርከን በ2017፣ ከሦስተኛው በ2019 በሻምፒዮንነት አወጡት። ተጫዋቾቹ ቀን ሌላ ሥራ የሚሠሩ፣ በሳምንት ጥቂት ምሽት የሚለማመዱ ነበሩ፤ ተወዳጁ ቦቢ ሊን የከተማ ቆሻሻ የሚሰበስብ ሠራተኛ ነበር። እነዚህ ሰዎች ሙሉ ጊዜያቸውን ኳስ የሚጫወቱ ክለቦችን አስከትለው የሁለተኛውን እርከን ለብዙ ሳምንት መሩ። በሚያዝያ 22 ቀን 2022 ኪልማርኖክ ሜዳ ላይ 1 ለ0 ሲመሩ ቆይተው በመጨረሻዎቹ ደቂቃዎች 2 ለ1 ተሸነፉና ዋንጫው ከእጃቸው ወጣ። ሁለተኛ ሆነው ወደ ላይኛው ሊግ በሚያሳልፈው ማጣሪያ ከኢንቨርነስ ጋር ሁለቱንም ጨዋታ ያለ ጎል ጨርሰው በመለያ ምት ወደቁ። በ2024 ወደ ሦስተኛው እርከን ወረዱ፤ በዓመቱ ሻምፒዮን ሆነው ተመለሱ።

አራተኛ ቀን፣ እሑድ፦ ወደ ኦክሚቲ

እሑድ አውቶቡስ ይቀንሳል፤ የእግር ቀን ነው። ከቪክቶሪያ ፓርክ ተነስቶ በቀይ አሸዋ ድንጋይ ገደሎች ላይ ወደ ሰሜን ምሥራቅ የሚሄደው መንገድ ኦክሚቲ መንደር ያደርሳል። በጭስ የሚዘጋጀው ዓሣ የተጀመረው እዚያ ነው፤ ዓሣ አጥማጆቹ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ወደ አርብሮዝ ሲመጡ ሙያውን ይዘውት መጡ። ጠርዙ አጥር የለውም፤ ዝናብ ሲዘንብ ይንሸራተታል፣ ድንገት ከባሕር የሚነሳ ጉም ደግሞ መንገዱን ይሸፍናል።

አምስተኛ ቀን፣ ሰኞ፦ ፎርፋርና ብሪኪን

ሁለቱም ባቡር የላቸውም። የፎርፋር ሜዳ ስቴሽን ፓርክ ቢባልም የመንገደኛ ባቡር ከ1967 ወዲህ ቆሟል፤ ስለዚህ አውቶቡስ ነው። ከአርብሮዝ ወደ ፎርፋር፣ ከዚያ ወደ ብሪኪን፣ ከብሪኪን ወደ ሞንትሮዝ ዞሮ በባቡር መመለስ ይቻላል። ጠዋት ውጡ፤ አንድ አውቶቡስ ካመለጠ ቀጣዩ ሊዘገይ ይችላል።

ፎርፋር ላይ ብራይዲ ብሉ፤ የበሬ ሥጋ በፈረስ ኮቴ ቅርጽ በሊጥ ተጠቅልሎ የተጋገረ ነው። ላዩ ላይ አንድ ቀዳዳ ያለው ያለ ሽንኩርት፣ ሁለት ያለው በሽንኩርት ነው። ሜዳቸው ሰው ሠራሽ ሣር ነው፤ ምክንያቱ የገንዘብ ነው። የተፈጥሮ ሣር በሳምንት ጥቂት ሰዓት ብቻ ይችላል፤ ሰው ሠራሹ ግን ከልጆች ልምምድ እስከ ሠፈር ቡድን ከጠዋት እስከ ማታ ስለሚከራይ ገቢ ያስገባል። የላይኛው ሊግ ከ2026–27 ጀምሮ ቢከለክለውም ታችኛዎቹን እርከኖች ክልከላው አይነካም።

ብሪኪን ሊታዘንለት የሚገባ ክለብ ነው። ግሌብ ፓርክ በአንድ ጎኑ ከግንብ ይልቅ የተከረከመ የቁጥቋጦ አጥር አለው፤ እንዲህ ያለ ሜዳ በሊጉ ሌላ አልነበረም። በ2017 በማጣሪያ ወደ ሁለተኛው እርከን ወጣ፤ በቀጣዩ ዘመን ከ36 ጨዋታ አንድም ሳያሸንፍ በአራት አቻ 4 ነጥብ ብቻ ይዞ ወረደ። በ2019 እንደገና ወረደ። በ2020 የሠንጠረዡ ግርጌ ላይ ቢሆንም በወረርሽኙ ምክንያት ማጣሪያው አልተካሄደምና ተረፈ። በ2021 ግን በኬልቲ ሃርትስ ተሸንፎ ከሊጉ ወጣ። መመለሻው ጠባብ ነው፤ በ2023 በነበረው ደንብ አሁን የሚጫወትበትን የሰሜኑን የክልል ሊግ፣ የሃይላንድ ሊግን ማሸነፍ፣ ከሌላው የክልል ሊግ ሻምፒዮን ጋር መጋጠም፣ ያንን ካለፉ ደግሞ የአራተኛውን እርከን መጨረሻ ክለብ በደርሶ መልስ ማሸነፍ። ብሪኪን በ2023 የመጀመሪያውን አሟልቶ ሁለተኛው ላይ በስፓርታንስ ተሸንፎ ቀረ። ከካቴድራሉ አጠገብ ያለውን ክብ ግንብ ሳታዩ አትመለሱ፤ በስኮትላንድ እንዲህ ያሉ ሁለት ብቻ ናቸው።

ስድስተኛ ቀን፣ ማክሰኞ፦ ሞንትሮዝ በመብራት

ባቡሩ ሩብ ሰዓት ያህል ነው። ከመድረሳችሁ በፊት በስተግራ ሰፊ የባሕር ገብ ውኃ ይታያል፤ በጥቅምት ከአይስላንድና ከግሪንላንድ የሚመጡ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ዝይዎች እዚያ ያርፋሉ። ከጣቢያው ወደ ሊንክስ ፓርክ በእግር ይደረሳል።

የተላለፉ ጨዋታዎች ብዙ ጊዜ የሚካሄዱት ማክሰኞ ምሽት 1:45 ላይ ነው፤ በየሳምንቱ ግን አይኖርም፣ ቀኑን አስቀድማችሁ አረጋግጡ። ሜዳው ሰው ሠራሽ ስለሆነ ኳሱ ፈጥኖ ይሄዳል፣ ከፍ ብሎ ይነጥራል፤ ከጌይፊልድ ሣር የመጣ ተከላካይ የመጀመሪያውን ሃያ ደቂቃ ነጥሮ በሚያልፈው ኳስ ይቸገራል። በእነዚህ እርከኖች የቪዲዮ ዳኛ ስለሌለ ጎል እንደገባ ደስታው የተሟላ ነው፤ ማንም መስመር ሲሰመር አይጠብቅም።

ጨዋታው ከምሽቱ 3:40 ግድም ያልቃል። ወደ ደቡብ የሚሄደውን የመጨረሻ ባቡር ሰዓት ከመግባታችሁ በፊት እዩ። በዋንጫ ጨዋታ ጭማሪ ሰዓትና መለያ ምት ሊመጣ ስለሚችል፣ እንዲህ ባለ ምሽት ማደሪያውን ሞንትሮዝ መያዝና ረቡዕ ጠዋት መመለስ ይሻላል።